የደመወዝ ወረቀታችሁ ምን ይላል?

[የመክፈቻ ሙዚቃ፤ 15 ሰከንድ ተሰምቶ ዝቅ ይላል]

አቅራቢ፦ በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ዲዬጎ፣ በሳን ሆዜ፣ በኦክላንድ፣ በመላው ካሊፎርኒያ የምትገኙ፣ በመኪናም በቤትም ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ወደ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዛሬውን በጥያቄ ልጀምር። ደመወዝ ሲገባላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው?

[አጭር ፋታ]

እጃችሁ የሚገባውን ቁጥር ነው፤ አይደል? ቁጥሩ ካለፈው ብዙ ካልራቀ «ተመስገን» ብለን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። በስልክ የሚላክልን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አንከፍተውም።

ዛሬ ያን ወረቀት፣ ብዙዎቻችን ፔይ ስታብ የምንለውን፣ ከላይ እስከ ታች አብረን እናነበዋለን። ለምን እሱን መረጥን? የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ብዙ ነው፤ ተነቦ አያልቅም። ሕጉ ለእናንተ መሥራት አለመሥራቱ ግን በየክፍያው ቀን እዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ይታያል። መብታችሁ ተከብሮ ከሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። የጎደለም ካለ እዚያው ነው የሚጎድለው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የምንነጋገረው ስለ ጠቅላላው ደንብ ነው። በየሙያው ልዩ ልዩ ደንቦች ስላሉ፣ ለግል ጉዳያችሁ የሕግ ባለሙያ ወይም የሚመለከተውን የመንግሥት ቢሮ አማክሩ።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ሕግ አለው፤ ክፍለ ግዛቱም የራሱ አለው፤ አንዳንድ ከተማም የራሱን ይጨምራል። ታዲያ ሦስቱ ሲለያዩ የትኛው ይሠራል? ለሠራተኛው የሚሻለው ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከ2009 ወዲህ አልተነካም። በካሊፎርኒያ ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 16 ዶላር ከ90 ሳንቲም ሆኗል። በትልልቆቹ የፈጣን ምግብ ሰንሰለቶች ለሚሠሩ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 20 ዶላር ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድና ሳን ሆዜን የመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ ከፍ ያለ የራሳቸው መጠን አላቸው። ስለዚህ «ስንት ይገባኛል?» ስትሉ የምትሠሩበትን ከተማ ጭምር ጠይቁ። የሚቆጠረው የምትሠሩበት እንጂ የምትኖሩበት ከተማ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ የማይጠይቀውን ጥያቄ እኔ ልጠይቅላችሁ። ወረቀት የሌለው ሰውስ? የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ይህ መብት አለው?

አዎ፣ አለው። የካሊፎርኒያ ሕግ የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥበቃው የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይለይ ለሁሉም እንደሆነ በግልጽ ደንግጓል። ሰው ከሠራ ይከፈለዋል። አሠሪ ደመወዝ የጠየቀውን ሠራተኛ «ኢሚግሬሽን እጠራብሃለሁ» ብሎ ቢያስፈራራው፣ ማስፈራራቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

እደግመዋለሁ፤ ሰው ከሠራ ይከፈለዋል።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ እንግዲህ ወረቀቱን እናውጣ። ከላይ ምን አለ? የአሠሪው ስምና አድራሻ።

ይህ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ምግብ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ስም አንድ ነው፤ በሕግ የተመዘገበው ድርጅት ግን ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ነገ ክርክር ቢመጣ የምትጠይቁት በወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ሕጉ የአሠሪው ሕጋዊ ስምና አድራሻ ይጻፍ ይላል። ቀጥሎ የእናንተ ስም፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ወይም የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ከዚያም ክፍያው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ መጻፍ አለበት።

«እኔ ካሽ ነው የሚከፈለኝ፤ ምንም ወረቀት የለኝም» የምትሉም አላችሁ። ልብ በሉ። በካሽ መክፈል ብቻውን ጥፋት አይደለም። ያለ ወረቀት መክፈል ግን ጥፋት ነው። ካሽም ቢሆን ሰዓቱ፣ ተመኑና ተቀናሹ የተዘረዘረበት ወረቀት አብሮት መሰጠት አለበት።

ሌላው ደግሞ «አንተ ሠራተኛ አይደለህም፣ ኮንትራክተር ነህ፤ በ1099 የግብር ቅጽ ነው የምትከፈለው» የሚባለው ነው። 1099 ስለተሰጣችሁ ብቻ ኮንትራክተር አትሆኑም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ባሳለፈው፣ በ2020 ደግሞ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ በጸናው መመዘኛ መሠረት፣ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ሦስት ነገር ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩ እሱ እንደማያዛችሁ። ሁለተኛ፣ የምትሠሩት ሥራ ከእሱ ዋና ሥራ ውጪ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ እናንተ በዚያ ሙያ የራሳችሁ ሥራ ያላችሁ እንደሆናችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሠራተኛ ናችሁ።

እስቲ እንፈትነው። ምግብ ቤት መጥቶ የተበላሸውን ማቀዝቀዣ የሚጠግን ባለሙያ ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል። በዚያው ምግብ ቤት በየቀኑ ወጥ የምትሠራው እኅትስ? ሠራተኛ ናት። የምግብ ቤት ዋና ሥራው ምግብ ነውና!

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወገኖቻችን ግን የእናንተ ለብቻው ነው። በኖቬምበር 2020 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት ፕሮፖዚሽን 22 የመተግበሪያ አሽከርካሪዎችን ከዚህ መመዘኛ አውጥቶ የተለየ የክፍያ ዋስትና ሰጥቷቸዋል። የእናንተን በሌላ ዝግጅት ለብቻው እንመለስበታለን።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ ወደ ዋናው መጣን፤ ሰዓት። ወረቀታችሁ ላይ የሠራችሁት ጠቅላላ ሰዓት ተጽፏል። ትክክል ነው?

[አጭር ፋታ]

በምን ታውቃላችሁ?

አያችሁ፣ ብዙ ክርክር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ስለዚህ የራሳችሁ ደብተር ይኑራችሁ። የገባችሁበትን ሰዓት፣ የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ለምሳ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን በየቀኑ ጻፉ። ስልክ ላይ መያዝም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ደብተራችሁን በአሜሪካ ሰዓትና ቀን አቆጣጠር ያዙት። «ጠዋት 3 ሰዓት ገባሁ» ብላችሁ ብትጽፉ ለእኛ ግልጽ ነው። ጉዳዩን የሚሰማው ሹም ግን ሌሊት በ3 ሰዓት የገባችሁ ይመስለዋል፤ የአሠሪው ጠበቃም «ይኸው፣ ደብተሩ የተሳሳተ ነው» ይላል። ስለዚህ 9 ሰዓት ብላችሁ፣ ጠዋት መሆኑን ጨምራችሁ ጻፉ።

የሚጻፈው የትኛው ሰዓት ነው? አሠሪው እያዘዛችሁ ወይም እያወቀ የሠራችሁት ሁሉ ነው። ሰዓት መቆጣጠሪያውን ነክታችሁ ከወጣችሁ በኋላ «በሩን ቆልፊ፣ ቆሻሻውን አውጪ» ከተባላችሁ ያም ሥራ ነው።

«ኧረ አምስት ደቂቃ ናት፤ በአምስት ደቂቃ ማን ይጨቃጨቃል?» ትሉኛላችሁ። አንድ የስታርባክስ ሠራተኛ ተጨቃጭቋል። ማታ ማታ ሰዓቱን ዘግቶ ከወጣ በኋላ የቀኑን ሽያጭ በኮምፒውተር ይልካል፤ የማንቂያ ደወሉን ያበራል፤ በሩን ይቆልፋል፤ የሥራ ባልደረቦቹን እስከ መኪናቸው ይሸኛል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ነው። የ17 ወሩ ሲደመር ግን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሆነ። ገንዘቡ በጊዜው ዝቅተኛ ክፍያ 102 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነበር።

ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ምን አለ? በየቀኑ የሚደጋገም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ያለ ክፍያ ሊታለፍ አይችልም አለ። 102 ዶላር ለትልቅ ኩባንያ ምንም አይደለም፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ግን የመብራትና የስልክ ክፍያ ነው።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ ከሰዓት ቀጥሎ ኦቨርታይም አለ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ። አንድ ጥያቄ ላቅርብና እናንተ መልሱ።

አንድ ወንድማችን በሰዓት 20 ዶላር ይከፈለዋል እንበል። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ይሠራል። ጠቅላላው 40 ሰዓት ነው። ማናጀሩ «ከ40 ሰዓት ስላላለፍክ ኦቨርታይም የለህም» ይለዋል። ትክክል ነው?

[ፋታ፤ 4 ሰከንድ]

በብዙ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ቢሆን ትክክል ነበር። በካሊፎርኒያ ግን አይደለም! እዚህ የሚቆጠረው ሳምንቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ጭምር ነው። በአንድ ቀን ከ8 ሰዓት ያለፈ ሁሉ በአንድ ተኩል ይከፈላል። የዚህ ወንድም በየቀኑ 2 ሰዓት፣ በሳምንት 8 ሰዓት ትርፍ አለው። እያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት በ20 ፈንታ በ30 ዶላር መታሰብ ነበረበት። በሳምንት 80 ዶላር ቀርቶበታል ማለት ነው። የዓመቱን እናንተ አስሉት።

ከ12 ሰዓት በላይ ከሆነስ? ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው በእጥፍ ነው። በአንድ የሥራ ሳምንት ውስጥ ሰባቱንም ቀን ያለ ዕረፍት ከሠራችሁ ደግሞ የሰባተኛው ቀን የመጀመሪያ 8 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከዚያ ያለፈው በእጥፍ ይከፈላል።

ሕጉ የሚፈቅደው ልዩ ሁኔታ አለ። በቀን 10 ሰዓት እየሠሩ አራት ቀን መሥራት የፈለጉ ሠራተኞች በምስጢር ድምፅ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ድጋፍ ሲስማሙና ውጤቱ ለክፍለ ግዛቱ ሲመዘገብ፣ 10 ሰዓቱ በመደበኛ ክፍያ ሊሠራ ይችላል። ማናጀር ብቻውን «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ስላለ ግን አይሆንም።

ብዙዎቻችን ከአገር ቤት የመጣነው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውን ይዘን ነው፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደዚያ ይላል። እዚህ ግን የሳምንቱ መደበኛ ሰዓት 40 ነው። ከ40 ያለፈው፣ የቀኑ ከ8 ባያልፍ እንኳ፣ ትርፍ ነው።

በግል ቤት ውስጥ አረጋውያንን ወይም ሕፃናትን የምትንከባከቡ እኅቶቻችን፣ የእናንተን ሥራ ብዙ ሰው እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ሕጉ ግን ይቆጥረዋል። ከ2014 ጀምሮ፣ አብዛኛው ሥራቸው ሰውን መመገብ፣ ማልበስና መጠበቅ የሆነ ሠራተኞች በቀን ከ9 ሰዓት፣ በሳምንት ከ45 ሰዓት ላለፈው በአንድ ተኩል ይከፈላቸዋል። «አብራ ትኖራለች፣ ከእኛው ጋር ትበላለች፣ ቤተሰብ ናት» ማለት ይህንን አያስቀርም።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ አሁን ዕረፍት፤ ብሬክ የምንለው። ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የምግብ ዕረፍት ነው፤ 30 ደቂቃ፣ ያለ ክፍያ። ከ5 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ሰው አምስተኛው ሰዓት ሳያልቅ መሰጠት አለበት። ከ10 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሁለተኛ የምግብ ዕረፍት ይኖረዋል። የቀኑ ሥራ ከ6 ሰዓት ካላለፈ ሠራተኛውና አሠሪው ተስማምተው የምግብ ዕረፍቱን ሊያስቀሩት ይችላሉ።

ሁለተኛው አጭሩ ዕረፍት ነው፤ 10 ደቂቃ፣ ከነክፍያው። 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

ማረፍ ሲባል ምን ማለት ነው? ከሥራ መላቀቅ ማለት ነው። ምሳ እየበላችሁ ስልክ የምታነሱ ከሆነ፣ ደንበኛ ሲገባ ጎርሳችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ያ ዕረፍት አይደለም። በ2016 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዕረፍት ጊዜያቸው የመገናኛ ሬዲዮ ክፍት አድርገው ጥሪ ይጠባበቁ የነበሩ የጥበቃ ሠራተኞችን ጉዳይ አይቶ፣ ጥሪ እየጠበቁ ማረፍ ዕረፍት አይደለም ብሏል። የማኅበር ውል ላላቸው የጥበቃ ሠራተኞች ሕግ አውጪው በኋላ የተለየ ደንብ ስላወጣ፣ በጥበቃ ሥራ ያላችሁ ማኅበራችሁን ጠይቁ።

ዕረፍቱ ካልተሰጠስ? አሠሪው ለዚያ ቀን የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ደመወዝ ይከፍላል። የምግቡም የአጭሩም ዕረፍት ከቀረ ሁለት ሰዓት። ይህም ወረቀቱ ላይ ለብቻው መታየት አለበት። ደብተራችሁ «ዛሬ ምሳ አልወጣሁም» ካለ፣ ወረቀቱ ላይ ያቺን አንድ ሰዓት ፈልጉ።

ሌላም አለ። ለ8 ሰዓት ፕሮግራም ተይዞላችሁ ሄዳችሁ፣ ማናጀሩ «ገበያ የለም፣ ተመለሱ» ቢላችሁስ? ከተያዘላችሁ ሰዓት ግማሹ ይከፈላችኋል፤ በዚህ ምሳሌ 4 ሰዓት። እንደ ጎርፍ ወይም የመብራት መቋረጥ ያለ ከአሠሪው አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም ግን ይህ አይሠራም።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ ከወረቀቱ ወደ ታች ስንወርድ ተቀናሾች አሉ። የፌዴራል ግብር፣ የክፍለ ግዛት ግብር፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሜዲኬር። ከእነሱ መካከል ኤስ.ዲ.አይ. የሚል መስመር አለ። ምን እንደሆነ የምታውቁ?

እሱ የእናንተው መድን ነው። ከሥራ ውጪ ስትታመሙ ወይም ስትወልዱ የደመወዛችሁን የተወሰነ ክፍል የሚተካው እሱ ነው። አዲስ የተወለደ ልጃችሁን ለመያዝ ወይም በጠና የታመመ ወላጅ ለማስታመም እስከ 8 ሳምንት የሚከፍለውም ከዚያው ነው። በየክፍያው እያዋጣችሁ ሳታውቁት የምትቀሩ ብዙ ናችሁ።

የማይቀነሰውስ? ሳህን ስለተሰበረ መቀነስ፣ የካሽ ሳጥኑ ሳይታሰብ ስለጎደለ መቀነስ፣ ደንበኛ ሳይከፍል ስለወጣ መቀነስ አይፈቀድም። ስርቆት ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር እነዚህ የንግዱ ወጪዎች ናቸው። አሠሪው የሚያስለብሳችሁን የደንብ ልብስ የሚገዛው እሱ ነው። በግል ስልካችሁ ወይም በግል መኪናችሁ የእሱን ሥራ ከሠራችሁ ተገቢውን ወጪ ይተካል።

ቲፕስ? ቲፕ የሠራተኛው ነው። ባለቤቱም ማናጀሩም አይካፈሉትም። በካሊፎርኒያ «ቲፕ ስለምታገኝ በሰዓት የምከፍልህ ያነሰ ነው» ማለት የለም። በክሬዲት ካርድ የተሰጠው ቲፕም ሙሉውን ለሠራተኛው ይደርሳል፤ የካርዱን ኮሚሽን የሚሸፍነው አሠሪው ነው።

የወረቀቱ የመጨረሻ ነጥብ የቀራችሁ የሕመም ፈቃድ ነው። እዚያው ላይ ወይም በተለየ ጽሑፍ በክፍያው ቀን ይነገራችኋል። በ30 ሰዓት ሥራ ቢያንስ 1 ሰዓት ትሰበስባላችሁ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በዓመት ቢያንስ 40 ሰዓት ወይም 5 ቀን መጠቀም ይቻላል። ግማሽ ቀን የምትሠሩም አላችሁ። ሥራ በጀመራችሁ በ90ኛው ቀን መጠቀም ትጀምራላችሁ። ለራሳችሁ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ሲታመም፣ እናት ሐኪም ቤት ስትወሰድም ይሠራል። «ከፈለግሽ ሂጂ፣ የሚተካሽ ሰው ግን ራስሽ ፈልጊ» ማለት አይፈቀድም።

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 8 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ ወደ አሠሪዎች። ምግብ ቤት፣ ገበያ፣ የጽዳት ድርጅት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከፍታችሁ ለወገን እንጀራ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ከእናንተም ብዙው ሰው ሕግ የሚጥሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሳያውቅ ነው። ካሊፎርኒያ ግን «አላውቅም ነበር» የሚለውን ከደመወዝ ዕዳ አይቀንስም።

አራት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሰው ስትቀጥሩ የክፍያ ተመኑን፣ የክፍያውን ቀንና የድርጅቱን ሕጋዊ ስም በጽሑፍ ስጡ። ከ2012 ጀምሮ ይህ ግዴታ ነው። ጽሑፉም ስለ ሥራ ከሠራተኛው ጋር በምትነጋገሩበት ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛ የምታዙትን ሰው በአማርኛ ጻፉለት።

ሁለተኛ፣ የሰዓት መዝገብ ያዙ። የደመወዝ ወረቀቶችን ቅጂ ቢያንስ ለ3 ዓመት አስቀምጡ። ሠራተኛው ቅጂ ሲጠይቅ በ21 ቀን ውስጥ ማሳየት ወይም መስጠት አለባችሁ። መዝገብ የሌለው አሠሪ ክርክር ላይ የሠራተኛውን ደብተር የሚያፈርስበት ነገር አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ላይ ጉዳት መድን ግቡ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖራችሁም ግዴታ ነው። ሰው ሲጎዳ የማመልከቻውን ቅጽ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ትሰጡታላችሁ። ሠራተኛውም ጉዳቱን በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቅ።

አራተኛ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ሒሳቡን ወዲያው ዝጉ። ካባረራችሁት ዛሬውኑ፣ እዚያው ነው የሚከፈለው። ራሱ ከ72 ሰዓት በፊት አሳውቆ ከለቀቀ በመጨረሻው ቀን፤ ሳያሳውቅ ከለቀቀ በ72 ሰዓት ውስጥ። ሆን ብሎ ያዘገየ አሠሪ ለዘገየበት ለያንዳንዱ ቀን የሠራተኛውን የቀን ደመወዝ፣ እስከ 30 ቀን ድረስ፣ ይከፍላል። በቀን 160 ዶላር የሚያገኝ ሰው ሒሳቡ ወር ቢያዝበት መቀጮው 4,800 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የተያዘው ገንዘብ 300 ዶላር ቢሆን እንኳ!

[የመሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ 5 ሰከንድ]

አቅራቢ፦ እንግዲህ ወረቀቱን አነበባችሁ፤ ከደብተራችሁ ጋር አስተያያችሁ፤ ጎደለ። ምን ታደርጋላችሁ?

ከሕጉ የሚከብደን አንድ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል፤ ይሉኝታ። አሠሪው የአገራችን ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣን ቀን ሥራ የሰጠን እሱ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳንለት፣ በአንድ ዕድር ያለን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ መስጊድ የምንገናኝ ሰው ነው። «ገንዘቤን» ብሎ መጠየቅ ክህደት መስሎ ይታየናል።

እኔ የምላችሁ ይህንን ነው። መጠየቅ ጠብ አይደለም። መጀመሪያ በአክብሮት፣ በጽሑፍ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በደብተሬ 88 ሰዓት አለኝ፣ ወረቀቱ 80 ይላል፤ እባክዎ ይመልከቱልኝ» ብሎ የስልክ መልእክት መላክ ማንንም አያስቀይምም። ስህተት ከሆነ ይታረማል። ካልታረመም መልእክቷ ማስረጃ ትሆናለች።

ካልሆነ የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት አለ። አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው፤ ጠበቃም የግድ አይደለም። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ይመደብላችኋል። መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ወገን አገናኝተው ያግባባሉ። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ይሰማል፤ ውሳኔ ይሰጣል። ከዝቅተኛው ክፍያ በታች ተከፍሏችሁ ከሆነ የጎደለው ብቻ ሳይሆን ያንኑ የሚያህል ካሣ፣ ከነወለዱ ሊፈረድላችሁ ይችላል።

ጊዜው ግን ይሄዳል። ለጎደለ ኦቨርታይምና ዝቅተኛ ክፍያ 3 ዓመት አላችሁ። በቃል ብቻ የተገባ የክፍያ ስምምነት ከሆነ 2 ዓመት ነው።

«ከጠየቅሁ ያባርረኛል» የሚለው ፍርሃትስ? ሕጉ አስቦበታል። ከ2024 ጀምሮ፣ መብቱን በጠየቀ በ90 ቀን ውስጥ የተባረረ ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ሠራተኛ፣ ርምጃው የበቀል እንደሆነ ይገመትለታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት የአሠሪው ፋንታ ነው። የበቀል አቤቱታ ለሠራተኛ ኮሚሽነር የሚቀርበው በ1 ዓመት ውስጥ ነው፤ አትዘግዩ።

በዘር፣ በሃይማኖት፣ በእርግዝና ወይም በአነጋገር ዘይቤያችሁ ምክንያት ከተበደላችሁ ግን በሩ ሌላ ነው፤ የካሊፎርኒያ የሲቪል መብቶች መምሪያ ይባላል።

[ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

አቅራቢ፦ ሰዓታችን እየደረሰ ነው፤ ዋና ዋናውን ልድገመው።

አንድ፤ ሰው ከሠራ ይከፈለዋል፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም፣ በካሽም በቼክም። ሁለት፤ በካሊፎርኒያ በቀን ከ8 ሰዓት ያለፈው ኦቨርታይም ነው፤ ሳምንቱ 40 ባይሞላም። ሦስት፤ የራሳችሁን ደብተር ያዙ፣ ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ወረቀት የማይሰጣችሁ ከሆነ ጠይቁ፤ መጀመሪያ የሚጣሰው እሱ ነውና።

የቤት ሥራም አለ። የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀታችሁን ዛሬ ማታ አውጡ። አራት ነገር ፈልጉበት፦ የአሠሪውን ስም፣ ሰዓታችሁን፣ ኦቨርታይማችሁን፣ የሕመም ፈቃዳችሁን። ያልገባችሁን መስመር አስምሩበትና ጥያቄያችሁን ላኩልን። ስማችሁን አንጠራም፤ የአሠሪያችሁንም ስም በአየር ላይ አናነሣም። በሚቀጥለው ሳምንት ከጥያቄዎቻችሁ ተነስተን በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትና የሕክምናው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ እንነጋገራለን። በክርን ሕመም፣ በወገብ ሕመም፣ በቃጠሎ ዙሪያ ያላችሁን ጥያቄ ከወዲሁ አዘጋጁ።

እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይቀጥላል፤ 20 ሰከንድ]